ከደረጃው ሥር የሞላነው መጠይቅ

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፌ አያምርም። መስመሩን ቀጥ ብዬ እጀምረውና መጨረሻው ላይ ወደ ታች ይወርድብኛል። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ሦስቱ "ሀ"ዎች የትኛው የት እንደሚገባ ዛሬም ድረስ በዕድል ነው የምጽፋቸው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ስታነቡ የተሳሳተ ነገር ካያችሁ በልባችሁ አርሙትና እለፉት። በአፍሽ ለምን አትናገሪውም እንዳትሉኝ፣ በአፌማ ጭራሽ አይሆንልኝም። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አፍሬ መውረጃዬን አልፌ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን እንዲያውም ከቂርቆስ ተነስቼ ደምበል እወርዳለሁ ስል ቦሌ ደርሻለሁ። ስጽፍ ግን ማንም አያየኝም።

ሰሞኑን የማስበው አንድ ነገር አለ። ሰው ሥራውን የሚወደው በሚከፈለው ልክ ነው? እናንተ ምን ትላላችሁ? እኔ ስለ ሥራ ብዙ አውቃለሁ አልልም፤ ሰው ሲሠራ ቆሞ በማየት ግን ልምድ አለኝ። ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ ሱቁ የራሱ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አይደክመውም። ቄራ ሥጋ ቤት የሚሠራው አጎቴ ደግሞ ባለቤቱ ሲኖር ቢላዋው ይፈጥናል፤ ባለቤቱ ዞር ሲል ቢላዋውም ያርፋል። ታዲያ አጎቴን ጎበዝ እንበለው ወይስ ሰነፍ? ባለቤቱ ጎበዝ ነው ይላል። ዞር ብሎ አይቶት አያውቅማ።

እናቴ የምትሠራው ካዛንቺስ አጠገብ ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢውን ስም አልጽፍም፤ ለእናንተም ምንም አያደርግላችሁም። እሷ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ወረቀት ላይ ግን "የድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ" ይላታል። አንድ ቀን ማንን እንደምትደግፍ ብጠይቃት "መወልወያውን" አለችኝ። ስሟ ዘነበች ነው፤ ግቢ ውስጥ ዘነቡ ነው የሚሏት።

አብረዋት ከሚሠሩት ውስጥ ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። አንዷ እትዬ ሙኒራ ናት። ታችኛውንና ሁለተኛውን ፎቅ ታጸዳለች፤ ከዚያ የተቀቀለ እንቁላል በሳህን ይዛ ከቢሮ ቢሮ ትዞራለች። እስከ አራት ሰዓት የመንግሥት ናት፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የራሷ። አለቆቹ ራሳቸው ደንበኞቿ ስለሆኑ ማንም ክፉ አይናገራትም። በፊት ቤቷ እዚያው ካዛንቺስ ስለነበር ሻይ ጥዳ ፊርማ ፈርማ ትመለስ ነበር፤ ሻዩ ሳይፈላ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን የምትኖረው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ በሁለት ታክሲ ነው የምትመጣው። "ደመወዜ ለቤቴ፣ እንቁላሉ ለታክሲዬ" ትላለች።

ሌላው ጋሽ ተሾመ ነው፤ የበሩ ጥበቃ። እሱ ደግሞ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ ጃንጥላ ይጠግናል። ክረምት ላይ በግቢው ውስጥ የእሱ እጅ ያልነካው ጃንጥላ የለም። ሰው ሲገባ መታወቂያ ከመጠየቁ በፊት ጃንጥላውን ነው የሚያየው። እኔንም ያለ መታወቂያ የሚያስገባኝ እሱ ነው፤ "አንቺ የዘነቡ ጥላ ነሽ፣ ጥላ መታወቂያ የለውም" ይለኛል።

ይሄን ስታነቡ "ደመወዙ ስላልበቃቸው ሥራቸውን ትተው የራሳቸውን ይሠራሉ" ብላችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ጎርፍ ምድር ቤት ገብቶ የመጻሕፍቱን ካርቶኖች ሊያበላሽ ሲል፣ በር ጠባቂ እንጂ ተሸካሚ ያልሆነው ጋሽ ተሾመ ነው አንድ በአንድ በትከሻው ያወጣቸው። በዚያ ዝናብ። ያውም ጃንጥላ ሳይዝ።

እናቴ ምንም አትሸጥም፣ ምንም አትጠግንም። ዝም ብላ ትወለውላለች። ባለፈው ክረምት አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ጡረታ ወጣች፤ በእሷ ቦታ ሰው ስላልተቀጠረ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ለእናቴ ተጨመሩላት። ጉልበቷን ያማታል። ሊፍት የሚባለው ነገር እኛ ግቢ ውስጥ በሩ ብቻ ነው ያለው። አንድ ቀን የጽዳት ኃላፊዋ ጠርታት "ዘነቡዬ፣ ካቃተሽ ንገሪኝ፤ ከኤጀንሲ ሰው ማስገባት ይቻላል" አለቻት። በቀስታ ነው ያለቻት። ያስፈራንም እሱ ነው፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

ያን ሳምንት የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ውጤት ወጣ። ትምህርት ቤት ሄጄ ውጤቴን ተቀብዬ መጣሁና እናቴን አላለፍኩም አልኳት። እናቴ ማንበብ ብዙም አትችልም። ወረቀቱን አሳዪኝም አላለችኝ። ተቀመጠችና "ግድ የለም፣ ሰኔ ላይ ደግመሽ ትፈተኛለሽ" አለች። እስከዚያ ምን አደርጋለሁ? ጠዋት ጠዋት አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። እኔ ባልዲ ወደ ላይ አወጣለሁ፣ አራተኛውን ፎቅ እኔ እወለውላለሁ፣ እሷ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለች ትመጣለች። ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ኃላፊዋም ታውቃለች፣ ግን ስታየኝ ሰላም ብላኝ ታልፋለች። ደመወዝ የለኝም። ስለዚህ ደመወዝ በሥራ ፍቅር ላይ ምን ያመጣል ብላችሁ እኔን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም።

ታዲያ ከሦስት ሳምንት በፊት ለእናቴ ሥራ መጣላት። ካዛንቺስ ካሉት ሆቴሎች አንዱ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን የምትመራው ሴት የድሮ ጎረቤታችን ናት። "ነይልኝ፣ ማሽን ነው የሚያጥበው፣ ደረጃ የለም፣ ምሳ ከዚያው ነው" አለቻት። ደመወዙ ደግሞ ከግቢው በጣም ይሻላል። እናቴ አልሄድም አለች። ሴትዮዋ "እስከ ግንቦት መጨረሻ አስቢበት፤ በመጨረሻው ሰኞ ቁርጡን ንገሪኝ" ብላ ሄደች።

እትዬ ሙኒራ ይሄን ስትሰማ ባልዲዋን መሬት አስቀምጣ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አንቺ ዘነቡ፣ የታመመው ጉልበትሽ ነው ጭንቅላትሽ?"

"እዚህ ለምጃለሁ" አለች እናቴ።

"ምኑን ነው የለመድሽው? ደረጃውን?"

እናቴ ፈገግ ብላ ጨርቋን ጨመቀች። እኔም እንደ እትዬ ሙኒራ ነበር የገረመኝ፤ ግን አልጠየቅኋትም። እንደነገርኳችሁ እኔ አልጠይቅም።

በዚህ መሃል ነው መምህር ኤልያስ መጠይቁን ይዞ የመጣው። መምህር ኤልያስ ወጣት ነው፤ እያስተማረ ራሱም ሌላ ቦታ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። የመመረቂያ ጽሑፉ ደመወዝ በድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች የሥራ ቁርጠኝነት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ነው። የጽዳት ዕቃ የምናስቀምጥበት ከደረጃው ሥር ያለ ጠባብ ክፍል አለ፤ እዚያ ጎንበስ ብሎ ገባና "ስም አይጻፍም፣ አለቃ አያየውም፣ እውነቱን ብቻ ነው የምፈልገው" ብሎ አራት መጠይቅ ትቶልን ሄደ።

እትዬ ሙኒራ ወረቀቱን ዘቅዝቃ አየችውና ለእኔ ሰጠችኝ። ጋሽ ተሾመ መነጽሩን ቤት ረስቶ መጥቷል። መነጽር እንደሌለው ሁላችንም እናውቃለን። እናቴ "ልጄ ታንብልን" አለች። ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች እኔ የምናገረውን ለመስማት ዝም ሲሉ። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና አነበብኩ።

"የማገኘው ደመወዝ ከምሠራው ሥራ ጋር ይመጣጠናል።"

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። ጋሽ ተሾመ እንባውን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ "ይሄን ልጅ ማነው የላከው?" አለ።

ቁጥር እንደሚመረጥ አስረዳኋቸው። አንድ ማለት በጣም አልስማማም፣ አምስት ማለት በጣም እስማማለሁ።

"ቆይ፣ ከስንት ነው?" አለች እትዬ ሙኒራ።

"ከአምስት።"

"እና ምን ያስጨንቅሻል? አምስት ስጪው!"

"እትዬ፣ እሱ እኮ የ..."

"ለዲግሪው ነው ብሏል። አንድ ሰጥተነው ይውደቅ? ምን አደረገን?"

"እውነቷን ነው፣ ደህና ልጅ ነው" አለ ጋሽ ተሾመ። "ሲገባም ሲወጣም ሰላም ሳይለኝ አያልፍም። በእኔ አምስት ጻፊለት።"

ቁጥሩ ለመምህሩ የሚሰጥ ማርክ እንዳልሆነ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ እናቴ ተናገረች።

"የሰው ልጅ አይውደቅ። ልጅ ሲወድቅ እናቱ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው። አምስት ጻፊለት።"

አፌን ዘጋሁ። አምስት ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ መሙላቱ ቀላል ሆነ። "ይህን ተቋም እንደ ቤቴ እቆጥረዋለሁ" ሲል እትዬ ሙኒራ "ከቤቴማ ይበልጣል፣ ውሃ አለው! አምስት!" አለች፤ ይቺኛዋ ከልቧ ናት። "የቅርብ ኃላፊዬ ያበረታታኛል"፣ አምስት። "የተሻለ ደመወዝ ባገኝ ይህን ሥራ እለቃለሁ"፣ "ዛሬውኑ! ባልዲው እዚሁ ይቀራል! አምስት!" ጋሽ ተሾመ በመሃል "አንድ ቦታ አራት ብናደርግለትስ፣ እንዳያስጠረጥረው" ብሎ ነበር። እትዬ ሙኒራ ግን አልፈቀደችም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥር የለውም። "በዚህ ተቋም እንዲቆዩ ያደረገዎት ዋና ምክንያት ምንድን ነው?" ይላል፤ ከሥሩ ነጠብጣብ መስመር።

እትዬ ሙኒራ "እንቁላሌ ብለሽ... አይ ተይው፣ የሥራ ፍቅር በይ" አለች። ጋሽ ተሾመ ጡረታው እንደቀረበ አስጻፈኝ። እናቴ ጋ ደረስኩ። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስታሸው ቆየች።

"እዚህ የሠራተኛ ልጅ ማታ ያለ ክፍያ ይማራል" አለች። "ልጄ አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እዚሁ ትማራለች። ሆቴሉ ይሄ የለውም። ለእሱ ነው የቆየሁት ብለሽ ጻፊ።"

እኔ ወረቀቱን አያለሁ፤ እሷ እኔን ታየኛለች።

"ጻፊ እንጂ።"

ጻፍኩ። ከወትሮው የባሰ ነው የጻፍኩት፤ መስመሩ ገና ከመሃሉ መውረድ ጀመረ። እትዬ ሙኒራ አንገቷን አስግጋ መስመሩን አየችው። ደግነቱ ብዙ አልቆየችበትም። "ይቺማ መጀመሪያ ስምንተኛን ትለፍ!" ብላ ጭንቅላቴን በጨርቅ መታችኝ፤ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

መምህር ኤልያስ ባለፈው ዓርብ ተመልሶ መጣ። ወረቀቶቹን ይዞ ግራ ገብቶት ነው።

"እናቶቼ፣ በደመወዛችሁ በጣም ትረካላችሁ። የተሻለ ደመወዝ ስታገኙ ደግሞ በጣም ትለቃላችሁ። ይሄን ኮምፒውተሩ እንዴት አድርጎ ይቀበለው?"

"አንተን ብለን እኮ ነው ልጄ!" አለች እትዬ ሙኒራ ቅር ብሏት። "አምስት ከአምስት ሰጥተንህ ጭራሽ ትቆጣለህ?"

ነገሩ ሲገባው ጎንበስ ብሎ ሳቀ፤ ቀና ሲል ጭንቅላቱን ደረጃው መታው። ሲጨርስ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ ማርክ እንዳልሆነ አስረዳቸውና "እኔስ ብሆን" አለ፣ "የእኔን ደመወዝ ብትጠይቁኝ... ከዚህ ሌላ ሁለት ኮሌጅ አስተምራለሁ። ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ ነው የምውለው።"

"አንተም እንቁላል ትሸጣለህ በለኛ!"

ከዚያ ከወረቀቶቹ አንዱን ለየ። ስለ ልጇ ትምህርት የጻፈችው የትኛዋ እንደሆነች መጠየቅ እንደማይገባው፣ ግን ምክንያቱ እንደነካው ተናገረ። ስም አይጻፍም ተብሎ ነበር። እናቴ ግን እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። ቀጥላ እኔን አሳየችው።

"ልጄ ይቺ ናት መምህር። ስምንተኛ ላይ ወደቀችብኝ እንጂ ጎበዝ ናት። አፋር ስለሆነች ነው።"

መምህሩ አየኝ። እኔ ባልዲውን አየሁ።

"ሰኔ ነው የምትፈተኚው? ትንሽ ጊዜ አለን። ሰኞ የአምናውን ውጤትሽን ይዘሽልኝ ነይ። የትኛው ትምህርት እንደጣለሽ እናይና በምሳ ሰዓት እኔ አስጠናሻለሁ።"

እናቴ ጉልበቷን ይዛ ብድግ አለች። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ውጤትዎ ይስመርልዎ" አለችው። እትዬ ሙኒራ "አየሽ፣ አምስት የሰጠነው ሰው አሳፈረን?" አለችኝ። እኔ "እሺ" አልኩ። የሰማኝ ያለ አይመስለኝም።

ሰኞ ነገ ነው። የሆቴሉም ሰኞ ነገ ነው። ዛሬ እናቴ ቂርቆስ ቅዳሴ ሄዳለች፤ እስክትመለስ ነው ይሄን የምጽፈው፣ ሳይሞላ በቀረው በአራተኛው መጠይቅ ገጾች ጀርባ ላይ።

መምህር ኤልያስ አዲስ ወረቀት ማስሞላት አለበት፤ እንደገና ከመጀመሪያው። አሁን ቁጥሩ የእሱ ማርክ እንዳልሆነ ስለገባቸው እውነቱን ይሞላሉ። ደመወዝ ሲያንስ ሰው እንቁላል ይሸጣል፣ ጃንጥላ ይጠግናል፣ ሦስት ግቢ ይሮጣል፤ ይሄን ይደርስበታል። እናቴ ጋ ሲደርስ ግን ስሌቱ የሚበላሽበት ይመስለኛል። ደመወዟ ያንሳል፣ ጉልበቷ ያማታል፣ የተሻለ ሥራ በእጇ አለ፤ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥግ ጥጉን ተንበርክካ ነው የምትወለውለው። እሱ ቁርጠኝነት ይለዋል። እሷ ስሙን እንኳን አታውቀውም።

እኔ ደግሞ የማውቀው ይሄን ነው። ነገ ምንም ካላልኩ እናቴ ሆቴሉን እምቢ ትላለች፤ ሰኔን ትጠብቃለች። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ደስ ብሏት ሥራውን ይበልጥ ሙጥኝ ትላለች፤ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ባልዲውን ብቻዋን ታወጣዋለች። በሁለቱም መንገድ መድረሻው አራተኛ ፎቅ ነው። ስለዚህ እውነቱን ብቻ መናገር አይበቃኝም፤ ከዚያ ቀጥዬ "እማዬ፣ ሆቴሉን እሺ በይ፣ የማታው ትምህርት ገና አራት ዓመት ይቀረዋል፣ ያን ጊዜ እኔም ሠርቼ እከፍላለሁ" ማለት አለብኝ። ይሄ ሁሉ ንግግር ነው። "ወራጅ አለ" ማለት ላቃተው ሰው ብዙ ነው።

የመጀመሪያውን፣ እውነቱን፣ ግን እዚህ ልጻፈው። አንዴ ከተጻፈ ለማንበብ ድምፅ ብዙ አያስፈልገውም። አምና ኃላፊዋ እናቴን ስለ ኤጀንሲው ያነጋገረቻት ማክሰኞ ነው፤ ውጤቴን የተቀበልኩት ሐሙስ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በእግሬ እየሄድኩ አሰብኩበት። እኔ ትምህርት ቤት ከዋልኩ ባልዲውን የሚያወጣላት የለም፤ ካላወጣች ሥራው ይሄዳል። ወረቀቱን አጣጥፌ፣ እናቴ ቀድጄ መወልወያ እንዳደርገው የሰጠችኝ አሮጌ ጋዋን ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጋዋኑን እስከ ዛሬ አልቀደድኩትም፤ ከደረጃው ሥር ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። መምህር ኤልያስ ነገ ወረቀቱን ቢያየው የጣለኝን ትምህርት አያገኝም። የጣለኝ የለም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አልፌያለሁ።